የተጠራጠራችሁትን መድኃኒት እንዴት እንደምትጠቁሙ

መጀመሪያ መውሰዱን አቁሙ። መድኃኒቱ የስኳር ወይም የደም ግፊት ከሆነ ግን እንዲሁ እንዳታቋርጡት፤ በዚያው ቀን ሐኪም አማክራችሁ ሌላ ቀይሩ። የተጠራጠራችሁትን አትጣሉት፣ ለሻጩም አትመልሱ። ማስረጃችሁ እሱው ነው።

ቀጥሎ ማሸጊያውን አንብቡ። ማብቂያው ቀን የሚታተመው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 03/2026 ካለ ሦስተኛው ወር ኅዳር አይደለም፣ ማርች ነው። በእኛ መጋቢት 22 ቀን 2018 ላይ ያበቃል። እናቴ ፍሪጅ አናት ላይ የምታስቀምጠውን ሽሮፕ በእኛ ቆጥራ «ገና ስምንት ዓመት አለው» ስትል ሰምቻታለሁ።

ከቀኑ አጠገብ ያለው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ባች ነምበር ነው። አብሮ የተመረተው ሁሉ በዚህ ቁጥር ይታወቃል፤ መድኃኒት ከገበያ ሲሰበሰብም የሚፈለገው በእሱ ነው። የካርቶኑና የስትሪፑ (ፍሬዎቹ የተደረደሩበት ማሸጊያ) ቁጥር ከተለያየ ጠርጥሩ።

እኔ ይሄን የተማርኩት ተሸውጄ ነው። ጣፎ አካባቢ የታዘዘልኝን 15 ፍሬ አሞክሳሲሊን ገዛሁ። ሻጩ ከስትሪፑ በመቀስ ቆርጦ በትንሽ ፖስታ ሰጠኝ። «1 ፍሬ በቀን 3 ጊዜ» ብሎ ጻፈበት። ቤት ስከፍተው ካፕሱሉ እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ሁለቱ ገና ሲነኩ ፈረሱ። ተናድጄ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደወልኩ። «ባች ነምበሩ ስንት ነው?» ተባልኩ። ቁጥሩ የታተመበት ጫፍ ለካ እዚያው ሱቅ ቀርቷል። ደረሰኝም አልተቀበልኩም። በማግስቱ ብሄድ ሻጩ «ከእኛ አልገዛህም» አለኝ። ምን ልበል?

ስለዚህ በፍሬ ስትገዙ ሳይቆረጥ በፊት ስትሪፑን ተቀብላችሁ በስልክ አንሱት። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ያጥቁር። ደረሰኝ ሳትይዙም አትውጡ።

ከዚያ 8482 ደውሉ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር ነው። የመድኃኒቱን ስም፣ አምራቹን፣ ባች ነምበሩን፣ የገዛችሁበትን ቤትና ቀን ንገሩ። አዲስ አበባ ዳር ዳር ለምንኖር ሰዎች አንድ ጣጣ አለ፦ የችርቻሮ ፋርማሲን የሚቆጣጠረው የአካባቢው አስተዳደር ነው። አያት አዲስ አበባ ነው፣ ለገጣፎ ደግሞ በኦሮሚያ ሥር ያለው ሸገር ከተማ። ስትደውሉ «አዲስ አበባ ነው» ብላችሁ በደፈናው አትለፉት፤ ሰፈሩን በስሙ ጥሩ።

ፌስቡክ ላይ መለጠፉን ለጊዜው ተዉት። ሻጩ ዕቃውን እንዲያሸሽ መንገር ነው የሚሆነው።

የተረፈውን ከነካርቶኑ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አቆዩ፤ ለምርመራ ሊፈለግ ይችላል። ፍሪጅ አናት ላይ ግን አይሁን፣ ይሞቃል።