አልቆም ያለ የመኪና አላርም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮዬ ፈጨ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም። ከብሎካችን ሥር የቆመች ቪትዝ ጩኸቷን ለቀቀችው። ባለቤቱ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ሪሞቱን ይጫናል፣ ይጫናል። ወዲህ አራስ አለች። ወዲያ ሊነጋጋ ሲል ተነስቶ ሰርቪስ የሚጠብቅ ሠራተኛ አለ። ጩኸቱ እስኪቆም ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

የመጀመሪያው ስህተት በረንዳ ላይ መቅረት ነው። የሪሞት ባትሪ ሲደክም ከሩቅ አይሠራም። ውረዱና መኪናው አጠገብ ሆናችሁ ሞክሩ። እምቢ ካለ በሩን በብረት ቁልፉ ክፈቱ፤ ከዚያ ሞተር እንደምታስነሱ አዙሩት። ብዙ የፋብሪካ አላርሞች በዚህ ጸጥ ይላሉ። በኋላ የተገጠመ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ከዳሽቦርዱ ሥር የተደበቀች ትንሽ መጫኛ አለችው። የት እንዳለች የገጠመላችሁን ባለሙያ በቀን ጠይቁት። በሌሊት ጩኸት መሃል አትገኝም።

ሽቦ መበጠስ? እባካችሁ ይቅርባችሁ። አላርሙ ከሞተር ማስነሻው መስመር ጋር የተያያዘ ከሆነ መኪናው ጭራሽ አልነሳም ይላል። ጠዋት ጎታች ፍለጋ ነው።

ባትሪ መንቀል ይሻላል፤ እሱም ሥርዓት አለው። ሰው ሲቸኩል ቀዩን፣ ፖዘቲቩን ይፈታል። መፍቻው ሸርተት ብሎ የመኪናውን ብረት ከነካ ይፈነጥቃል፣ እጅ ያቃጥላል። መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ኔጌቲቩን ፍቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቁጥር መፍቻ ይበቃል። ስትመልሱ እሱን መጨረሻ እሰሩ። ባትሪው ተነቅሎም ጩኸቱ ከቀጠለ አትደንግጡ። አንዳንድ ሳይረን በውስጡ የራሱ ባትሪ አለው፤ የሚጠፋውም ከላዩ ባለው ቀዳዳ በሚገባ ትንሽ ቁልፍ ነው። ያቺን ቁልፍ ከቤት ቁልፋችሁ ጋር እሰሯት።

«ተገላገልኩ» ብሎ መተኛትም ስህተት ነው፤ ነገ ሌሊት ይደግማል። ባትሪውን በቴስተር ለኩት። መኪናው ቆሞ አድሮ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ጤነኛ ነው። ከ12 በታች ከወረደ ግን አላርሙን ሊያሳስተው ይችላል። ቀጥሎ ኮፈኑን ክፈቱ። ጠርዙ ላይ ኮፈኑ ሲዘጋ የምትጫን ጣት የማታክል ማብሪያ አለች። በእኛ ሰፈር አቧራና ጭቃ ዝገት ከያዛት አላርሙ ኮፈኑ የተከፈተ ይመስለዋል። የቪትዟም ነገር ይኸው ነበር። ጠዋት አብረን ስናያት የማብሪያዋ ጎማ ተሰንጥቋል፤ ከሥሩ የረጠበ ዝገት ወጣ። ዋናው ክረምት ገና አልገባም ነበር፣ አንድ ሌሊት ዝናብ ብቻ።

ገልባጭ ባለፈ ቁጥር የሚጮህ ከሆነ ደግሞ የንዝረት ሴንሰሩን ስሜት አስቀንሱ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ስልክ ቁጥር ለጥበቃ ሳይሰጡ መኪና ማሳደር። ያን ሌሊት የቪትዟ ባለቤት በረንዳ ላይ እስኪወጣ ድረስ ጥበቃው የማንን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም ነበር፤ ከአንደኛ ፎቅ ጀምሮ አንኳኳ። ጎረቤቴ አሁን ቁጥሩን በወፍራም እስክሪብቶ ጽፎ ጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። የኔም ከሥሩ አለ።