የባሕር ማዶ አቅራቢ ፋብሪካዎችን የሥራ ሁኔታ ሲቆጣጠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ሕይወት ካስከፈሉት ስህተቶች አንዱ የምስክር ወረቀትን የደኅንነት ማረጋገጫ አድርጎ መቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 በፓኪስታን ካራቺ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለው የልብስ ፋብሪካ ሲቃጠል ከ250 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ መስኮቶቹ በብረት ፍርግርግ የታጠሩ፣ በሮቹም የተቆለፉ ስለነበሩ ብዙዎቹ መውጫ አጥተዋል። ይኸው ፋብሪካ ከሳምንታት በፊት ኤስኤ 8000 የተባለውን የሥራ ሁኔታ ምስክር ወረቀት ተቀብሎ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን ከማንበብዎ በፊት የአደጋ ጊዜ መውጫ በሮችን፣ ሠራተኛው በሙሉ ሥራ ላይ እያለ፣ በገዛ እጅዎ ገፍተው ይሞክሩ።

ሌላው ስህተት ደመወዝንና የሥራ ሰዓትን አጣርቶ ሕንፃውን አለማየት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2013 በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አቅራቢያ በሳቫር የነበረው፣ ልብስ ፋብሪካዎች የሚሠሩበት ባለ ስምንት ፎቅ ራና ፕላዛ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሕንፃው በዋዜማው ተሰንጥቆ ታይቶ ነበር፤ ከታች የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ሲያስቀር፣ ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ ጠዋት ወደ ማሽናቸው እንዲመለሱ ታዘዙ። እዚያ ከነበሩት ፋብሪካዎች መካከል የሥራ ሁኔታ ኦዲት የተደረገባቸው ነበሩ፤ ኦዲቱ ግን የሕንፃውን ጥንካሬ መመርመርን አይጨምርም ነበር። በዚያው ዓመት ገዢ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የፈረሙት፣ የባንግላዴሽ አኮርድ የተባለው የፋብሪካ ደኅንነት ስምምነት መሐንዲሶችን ልኮ ውጤቱን ለሕዝብ ይፋ ከማድረጉም በላይ፣ ሠራተኛው ለሕይወቱ የሚያሰጋውን ሥራ እምቢ የማለት መብቱን አስከብሯል። በእኔ እምነት ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ስንጥቁ የታየው በኦዲተር ሳይሆን እዚያ በሚውሉት ሰዎች ዓይን ነበርና።

የሰዓት መዝገብን ብቻውን ማመንም ያሳስታል። ሠራተኛው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ በተመሳሳይ ደቂቃ ገብቶ በተመሳሳይ ደቂቃ የሚወጣበት መዝገብ ካጋጠመዎ፣ የተሰበሩ መርፌዎች የሚመዘገቡበትን ደብተር ያስመጡ። በልብስ ስፌት ቤት መርፌ በተሰበረ ቁጥር ቀኑ ይጻፋል፤ ስብርባሪውም ተለጥፎ ይቀመጣል። የእረፍት ቀን በሆነው ዕለት የተሰበረ መርፌ ከተገኘ፣ በዚያ ዕለት ማሽኑ ላይ የተቀመጠች ሰፊ ነበረች ማለት ነው።

ሠራተኞችን አለቃቸው መርጦ ባመጣቸው፣ ቢሮው ውስጥም ባስቀመጣቸው ጊዜ መጠየቅ እውነትን አያስገኝም። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንደሚሠሩት ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠሮች የመጡ ወጣት ሴቶች ከሆኑ ደግሞ፣ ከግቢው ውጭ፣ አፍ በፈቱበት ቋንቋ፣ በሴት ጠያቂ ማነጋገር ይገባል፤ አለቃ እያስተረጎመ ስለ አለቃ በደል የሚናገር ሰው አይገኝም።

ሥራው በድብቅ ለሌላ አነስተኛ ፋብሪካ ተላልፎ እንደሆነ ለማወቅም የታዘዘውን ብዛት ከማሽኖቹ ቁጥር ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ገዢው የራሱን እጅ አይርሳ። ዋጋ ቀንሶ፣ የማስረከቢያ ቀን አሳጥሮ፣ የትዕዛዙን ዲዛይን በመጨረሻው ሳምንት የለወጠ ኩባንያ የትርፍ ሰዓቱን ያመጣው እሱ ራሱ ነው። ጥፋት ሲገኝ ውሉን ወዲያው ማፍረስም በደሉን የተናገሩትን ሠራተኞች ሥራ ያሳጣል፤ ከዚያ ይልቅ የማስተካከያ ጊዜ መስጠት፣ ወጪውን መጋራትና ቀኑ ሲደርስ ሳያሳውቁ ተመልሶ ማየት ይገባል።