የሰፈራችሁን አሮጌ ቤት ታሪክ እንዴት ትመዘግባላችሁ? አዲስ አበባ በምሳሌነት

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ነዋሪዎቹ ወደተለያየ የከተማዋ ጫፍ ተበተኑ። የቤቱን ታሪክ የሚያውቁት ጎረቤቶች ዛሬ በአንድ ደጃፍ አይገኙም። የአንድን አሮጌ ቤት ታሪክ ለመመዝገብ የተነሣ ሰው ሥራውን ከመዝገብ ቤት ሳይሆን ከአዛውንቶች እንዲጀምር የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወረቀት ለዓመታት ሊጠብቅ ይችላል፣ የዘጠና ዓመት ሰው ግን አይጠብቅም።

ወደ አዛውንቶቹ ከመሄዳችሁ በፊት የሰፈሩን ስም መርምሩ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው በየኮረብታው ስለሰፈሩ፣ ብዙ ሰፈሮች የሚጠሩት በጌታው ስም ነው። ከሌሎቹ መካከል ሠራተኛ ሰፈር የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበትን፣ ሰባራ ባቡር ደግሞ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣት የእንፋሎት ባቡር ተሰብራ የቀረችበትን ቦታ ያስታውሳል። ስሙን ካወቃችሁ ቤቱ የማን ግቢ አካል እንደነበረ ለመጠየቅ መነሻ አገኛችሁ ማለት ነው።

አዛውንትን «ቤቱ በስንት ዓመተ ምሕረት ተሠራ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ አብዛኛው ሰው ጊዜን የሚይዘው በቁጥር ሳይሆን በታላላቅ ክስተቶች ነው። «ከሕዳር በሽታ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጃንሆይ ሲነግሡ ነበረ? ጣልያን ሲገባ ማን ይኖርበት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የሕዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ በ1911፣ የንግሥ በዓሉ ጥቅምት 23 ቀን 1923፣ የጣልያን መግባት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ስለሆነ፣ አንዲት እናት «አያቴ እንደነገሩኝ በሕዳር በሽታ ጊዜ ጣሪያው ገና ሣር ነበር» ቢሉ፣ ቤቱ ከ1911 በፊት መሠራቱንና ቆርቆሮው በኋላ መምጣቱን በአንድ አረፍተ ነገር ነገሯችሁ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ከነገሯችሁ ደግሞ ሁለቱንም ከነተናጋሪያቸው ጻፉ እንጂ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትጣሉ።

ዓመት ስትጽፉ የዘመን አቆጣጠሩን ሳትገልጹ አትለፉ፤ እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ጉዳት ሲያደርስ የማየው ስሕተት ይህ ነው። እቴጌ ጣይቱ ስላሠሩት ሆቴል የተጻፉትን ብታነጻጽሩ አንዱ 1898፣ ሌላው በፈረንጆች ቆጥሮ 1907 ይላል። 1898 ዓ.ም. በፈረንጆች 1905 ወይም 1906 ሲሆን፣ አንባቢ ቁጥሩን በፈረንጆች ከወሰደው ግን ሆቴሉን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ይኸው ቤት ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቷልና፣ ዛሬ የሚታየው ክፍል የትኛው ጥንታዊ፣ የትኛው የታደሰ እንደሆነም ለይቶ መጻፍ ይገባል።

ግድግዳውም ይናገራል። ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ስለሆነ፣ ምሰሶውና ማገሩ ባሕር ዛፍ የሆነ ቤት ከዚያ ሊቀድም አይችልም፤ ጥድ ከሆነ ግን የበለጠ የቆየ ሊሆን ይችላል። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ የውጭ አገር ዕቃ የመጨረሻውን መንገድ የሚጓዘው በጭነት ከብት ነበር፤ ብዙ መስታወት ወይም ሲሚንቶ ስታዩ ቤቱ ከዚያ በኋላ የተሠራ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። በዙሪያው ሰፊ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ጭቃ የሆነ ቤት የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ወደ ሰነድ ስትሄዱ አዋጅ ቁጥር 47/1967ን አስታውሱ። ትርፍ ቤት በዚያ አዋጅ የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ወደ ቀበሌ፣ ሌሎቹ ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ስለገቡ፣ የቀድሞው ባለቤት ስም የሚገኘው በወራሾች እጅ ባለ አሮጌ ካርታና የግብር ደረሰኝ ላይ ሊሆን ይችላል። የአንድ መኳንንት ቤት በኋላ ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፍሎ ከሆነም በእያንዳንዱ ክፍል ያሉትን ጠይቁ። የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ፣ የዕድር መዝገብ፣ እንዲሁም ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሊታለፉ የማይገባቸው ናቸው።

ፎቶግራፍ ስታነሡ አራቱንም ጎን፣ በርና መስኮቱን፣ የጣሪያውን ጠርዝ ከውስጥም ከውጭም አንሡ፤ በእያንዳንዱም ላይ ቀኑንና የቆማችሁበትን ቦታ ጻፉ። ድምፅ ለመቅዳት አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ቅጂውንም ለተናጋሪው ቤተሰብ ስጡ። አንድ ቅጂ በእናንተ ዘንድ፣ አንዱ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱም ከከተማው ውጭ በሚኖር ዘመድ እጅ ይቀመጥ።