ላፕቶፕ ላይ የሚያልፍ ቴስት ክላውድ ላይ ሲወድቅ

የፓይተን ቴስቶቻችሁ (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹት) ላፕቶፕ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ሆነው ጊትሃብ ኮድስፔስስ (በኢንተርኔት ኮድ የሚጻፍበት የክላውድ ማሽን) ላይ ስትከፍቱት ቀይ በቀይ ከሆኑ፣ ኮዱን ለመነካካት አትቸኩሉ። ክላውድ ላይ ያለው ሌላ ማሽን ነው። የራሱ ፓይተን፣ የራሱ ፎልደር፣ የራሱ ሰዓት አለው።

«ሞጁል ኖት ፋውንድ ኤረር»

ፓኬጁን አሁን ጭናችሁታል፣ ፓይተን ግን የለም ይላል። ብዙ ጊዜ ፒፕ (የፓኬጅ መጫኛው) የጫነው በአንዱ ፓይተን ላይ ሆኖ ቴስቱ ራን የሚያደርገው በሌላው ነው። ቪኤስ ኮድ (የኮድ መጻፊያው) ላይ ከታች በቀኝ የተጻፈውን የፓይተን ቨርዥን ተጫኑና ትክክለኛውን ምረጡ። ተርሚናል ላይ ደግሞ ፒፕንም ቴስት ማስኬጃውን ፓይቴስትንም በቀጥታ ከመጥራት «ፓይተን» ብላችሁ፣ ሰረዝና ኤም አስከትላችሁ፣ ከዚያ ስማቸውን ጻፉ፤ ሁለቱም በአንድ ፓይተን ይሄዳሉ። የጠፋው የራሳችሁ ፋይል ከሆነ የስሙን ፊደላት እዩ። ክላውዱ የሚሄድበት ሊኑክስ በፋይል ስም ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፤ ዊንዶውስ ላይ ግን የፊደሉን መጠን ብቻ ከቀየራችሁ ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢው) ላያየው ይችላል፣ ክላውድ ላይም የድሮው ስም ይቀራል።

ብሬክፖይንት ላይ አይቆምም

ብሬክፖይንት ኮዱ እንዲቆምበት ምልክት ያደረጋችሁበት መስመር ነው። ከቨሬጅ (ቴስቶቹ የኮዱን ምን ያህል እንደነኩ) የሚለካው ፓይቴስት ኮቭ በርቶ ከሆነ ከዲበገሩ (ከስህተት መፈለጊያው) ጋር ይጋጫል። ዲበግ ስታደርጉ አጥፉት።

ቀን ያለበት ቴስት አንዳንዴ ብቻ ይወድቃል

ይቺ በጣም አድክማኛለች። ቀን ቀን ያልፋል፣ ሌሊት ስሠራ ይወድቃል፣ ጠዋት ስነሳ ደግሞ ምንም ሳልነካው ይሠራል። በኋላ ሰዓቱን መመዝገብ ጀመርኩ። የሚወድቀው ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ብቻ ነበር! ኮዴ ቀኑን የሚወስደው በአዲስ አበባ ሰዓት ነው፣ ቴስቴ ግን የማሽኑን ቀን ይጠይቃል፤ ማሽኑ ደግሞ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሚሄድ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እኛ ጋ ቀኑ ሲቀየር እሱ ገና ትናንት ላይ ነው። ላፕቶፔ በአዲስ አበባ ሰዓት ስለተሞላ እዚያ አንድም ቀን አልታየም።

መፍትሄው ፈንክሽኑ ቀኑን ራሱ እንዳይጠይቅ ማድረግ ነው። ቀኑን እንደ ፓራሜትር ስጡት፣ ቴስቱ ውስጥም ቁርጥ ያለ ቀን አስገቡ። የማሽኑን የሰዓት ዞን ወደ አዲስ አበባ መቀየርም ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም። ቴስቱ ያልፍላችኋል፣ ስህተቱ ግን ዩቲሲ ላይ ያለ ሰርቨር ጋ ስትደርሱ እንደገና ይመጣል።