ልጃችሁ ቤዝቦል ሲጫወት እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ልጄ በ7 ዓመቱ «ቤዝቦል ልጫወት» ሲለኝ እኔ ከቤዝቦል የማውቀው ኮፍያውን ብቻ ነበር። ዘንድሮ 10 ሞላው። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሜዳ ዳር ስቀመጥ ከረምኩ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ላይ እናቶች እየያዙ ይጠይቁኛል። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ጨዋታው በፈረንጅ 6 ሰዓት ነው ከተባለ ልጁ ለማሟሟቅ 5፡15 ላይ ይፈለጋል። የሀበሻ ቀጠሮ እዚህ አይሠራም። እኔ ከሥራ ወጥቼ በዚያ ሰዓት የጆርጂያ አቬኑን የመኪና መጨናነቅ ማለፍ ስላለብኝ ቦርሳውን ከዋዜማው መኪና ውስጥ አስገባለሁ፤ ጓንት፣ ዱላ፣ ሄልሜት፣ ታኬታ ጫማ፣ ውኃ። ወንዶቹ ከሱሪ ሥር የሚያደርጉት ጠንካራ መከላከያም አለ። እሱን ረስተን ከግማሽ መንገድ ተመልሰናል፤ ዝርዝሩ ይቅር።

ለራሳችሁ የሚታጠፍ ወንበርና ጋቢ ያዙ። አዎ፣ ጋቢ። ኤፕሪል ላይ ቀኑ ያታልላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጁን ላይ ጋቢው ቀርቶ የቢምቢ መከላከያ ይተካል።

መኪናችሁን ከአጥሩ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ቅርብ ቦታ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ አቆምኩ። ከመስመር የወጣች ኳስ የፊት መስታወቴን ሰነጠቀችው። ኳሷ ክብደቷ 142 ግራም ገደማ ነው፤ ስትመጣ ግን ድንጋይ ናት። ስትቀመጡም ከፊታችሁ መረብ ይኑር። ሰው «ሄድስ አፕ!» ብሎ ሲጮህ ቀና ብላችሁ ኳሷን አትፈልጉ። ጎንበስ በሉና ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ።

ጨዋታውን ለመከታተል ሕጉን ሁሉ ማወቅ አያስፈልግም። ወርዋሪውን፣ ማለትም ፒቸሩን፣ እዩ። ከ14 ሜትር ርቀት ይወረውራል። ልጁ ሰንዝሮ ከሳታት፣ ወይም ለመምታት የምትመች ኳስ መጥታ ዝም ካላት፣ ስትራይክ ነው። ሦስት ስትራይክ ከሆነበት ወጣ። ኳሷ ከቦታው ውጪ ከመጣችና ልጁ ካልሰነዘረባት ደግሞ ቦል ትባላለች፤ አራት ቦል ሲሞላ ያለምንም ልፋት ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም ሜዳው ላይ ወዳለችው የመጀመሪያ መቆሚያ፣ ይሄዳል። ሦስት ልጅ ሲወጣ ቡድኖቹ ይቀያየራሉ። ሁለቱም ተራቸውን ሲጨርሱ አንድ ኢኒንግ አለቀ፤ በዚህ ዕድሜ ስድስት ኢኒንግ ነው። እንደ እግር ኳስ 90 ደቂቃ የሚባል ነገር የለም። ወርዋሪው ቦል በቦል ከሆነ አንዱ ኢኒንግ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይበላል። እራቱን ከጨዋታው በኋላ ብላችሁ አታቅዱ።

እኔን ጉድ የሠራችኝ ከመስመር ውጪ የምትሄደዋ ኳስ ናት። ልጄ አንዷን ወደ ሰማይ ሲያጎናት እልል ብዬ ተነሳሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለካ ስትራይክ ተቆጥሮበታል! ሁለት ስትራይክ ካለበት በኋላ ግን እንዲህ ያለችው ሦስተኛ ሆና አትቆጠርም፤ እንደገና ይሞክራል።

ደግሞ ልጃችሁ ጥሩ እየወረወረ ኮቹ ሲያስወጣው አትቀየሙ። እኔ ተቀይሜ ኮቹን ሳልሰናበት ሄጃለሁ። ሊትል ሊግ በሚባለው የልጆች ቤዝቦል ድርጅት ሕግ የ10 ዓመት ልጅ በቀን ከ75 ውርወራ አያልፍም፤ ያን ያህል ከወረወረ ደግሞ አራት ቀን ያርፋል። ለክንዱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ልጃችሁ ዱላ ይዞ ሲቆም ዝም በሉ። እኔ «ምታው! አይንህን ክፈት! እጅህን ከፍ!» እያልኩ ጉሮሮዬ ይዘጋ ነበር። ፈረንጁም ይጮሃል፣ እኔም እጮሃለሁ። አንድ ማታ መኪና ውስጥ ልጄ ምን አለኝ? «እማ፣ ሰው ሲጮህ አይሰማኝም። ያንቺ አማርኛ ግን ይሰማኛል።» ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የእናቱን ቋንቋ ነጥሎ ይሰማል። ኳሷ እየመጣች እሱ እኔን እየተረጎመ ነው! ከዚያ ወዲህ ሊመታ ሲወጣ አንዴ «አይዞህ የኔ ጌታ» እላለሁ፤ ከዚያ ሻዬን እይዛለሁ። አባቱ ግን እስከ ዛሬ አልቻለበትም፤ ስለዚህ ከእኔ ርቆ አጥሩ ጋ ይቆማል።

ምግብ። ሜዳው ጋ ያለችው መሸጫ ሆት ዶግ፣ ናቾስና ድንች ጥብስ ነው ያላት። የጨዋታው ወራት መጀመሪያ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል፤ ያኔ ከቤት ካልያዛችሁ ድንች ጥብስ ብቻ ነው የሚተርፋችሁ። ለቡድኑ መክሰስ የማምጣት ተራ ሲደርሳችሁ ለውዝ የማይስማማው ልጅ እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እነዚህ ልጆች ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቁ ሲተፉ ነው የሚውሉት። አንድ ቀን ለውዝ ያልነካው የገብስ ቆሎ በትልቅ ላስቲክ ላክሁ። ባዶ ላስቲክ ተመለሰልኝ። አሁን የኔ ተራ ሲሆን ኮቹ ራሱ ይጠይቃል።

ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ወደ መኪናው ነው። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። «አሁን ቆሟል እኮ» ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም።

ሲመለስ ስለ ጨዋታው እሱ ካላነሳ አታንሱ። እኔ የምጠይቀው «ምን ትበላለህ?» ብቻ ነው። አንዳንዴ መልሱን ሳይጨርስ ጓንቱን እንዳቀፈ ይተኛል።

ሱሪውን ግን ማታውኑ ውኃ ውስጥ አትንከሩት። ያ ቀይ አፈር ይድረቅ። ጠዋት በረንዳ ላይ በደንብ አራግፉት፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና በእጅ እሹት። ኮቹ ቀለም ካስመረጣችሁ ደግሞ ነጩን ትታችሁ ግራጫውን ግዙ።