በር ላይ የምናስቀራቸው ሰዎች፦ በሳይንሳዊ ጉባኤዎችና በምርምር ተቋማት ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ2021 ግላስጎው ውስጥ የአየር ንብረት ጉባኤው ኮፕ 26 ሲካሄድ፣ የእስራኤል የኢነርጂ ሚኒስትር የነበሩት ካሪን ኤልሃራር ውጭ ቀሩ። የሚንቀሳቀሱት በዊልቸር ነው። ያላቸው ምርጫ ረጅም መንገድ በእግር መሄድ ወይም ለዊልቸር በማይመች መኪና መሳፈር ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቀው ወደ ሆቴላቸው ተመለሱ። ሚኒስትር ስለሆኑ ዓለም ሰማ፣ በማግስቱም ገቡ። ማንም የማያውቃት የማስተርስ ተማሪ ብትሆንስ? ዝም ብላ ትመለሳለች። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጭራሽ አትመዘገብም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ከባድ ከሚባል የአካል ጉዳት ጋር ይኖራል። ጉባኤያችን ላይ እነዚህን ሰዎች ካላየን፣ ምክንያቱን ከዝግጅታችን ብንጀምር ይሻላል።

“ሰው ሲመጣ እናያለን” ማለት

የስህተቶች ሁሉ እናት ይህ ነው። ሰው ሲመጣ እኮ አዳራሹ ውል ታስሮበታል፣ በጀቱም አልቋል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በዋዜማው ተፈልጎ አይገኝም። ቢገኝም አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ አይችለውም፤ ሥራው አእምሮን ስለሚያደክም ሁለት ሆነው በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ይቀያየራሉ። አስቀድመው የንግግሩን ስላይድ ካላዩ ደግሞ የሙያ ቃላቱ ይከብዷቸዋል።

ስለዚህ ወጪው ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ። የምዝገባ ቅጹ ላይ “ምን ቢዘጋጅልዎ ይመችዎታል?” ብላችሁ ጠይቁ። የሕመሙን ስም ወይም የሐኪም ወረቀት አትጠይቁ፤ አያስፈልጋችሁም። ጥያቄውን የሚቀበለው ሰው ማን እንደሆነና እስከ መቼ መልስ እንደሚሰጥ ጻፉ። ጠይቆ መልስ አለመስጠት ጨርሶ ካለመጠየቅ ይከፋል። ሰውዬው ችግሩን ለማያውቀው ሰው ገልጦ ዝምታ ነው ያተረፈው።

አካል ጉዳተኛ ሁልጊዜ አድማጭ ነው ብሎ ማሰብ

መግቢያው ላይ ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) አለ። ወንበሮቹ መካከል የዊልቸር ቦታ አለ። መድረኩ ግን ሦስት ደረጃ አለው። ይህን ያዘጋጀው ሰው በዊልቸር የምትሄድ ተመራማሪ ንግግር ልታቀርብ ወይም ልትሸለም እንደምትችል አልታየውም። መድረኩም ራምፕ ይፈልጋል። ቁልቁለቱም ቀስ ያለ መሆን አለበት፤ በብዙ አገር የተለመደው መለኪያ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። የንግግር ማቅረቢያው ጠረጴዛ ዝቅ የሚል፣ ማይኩም የሚንቀሳቀስ ይሁን። ተመራማሪዎች ሥራቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ቆመው የሚያስረዱበት የፖስተር አዳራሽም እንዲሁ ነው። ጥቂት ወንበሮች ቢኖሩ ለሁለት ሰዓት መቆም የማይችል ሰው ሥራውን ያስረዳል።

“ድምፄ ይሰማል፣ ማይክ አያስፈልገኝም”

ይህ የማይባልበት ጉባኤ የለም። ተናጋሪው ማይኩን ወደ ጎን ይገፋና “ሁላችሁም ትሰሙኛላችሁ አይደል?” ይላል። ያልሰማው ሰው ጥያቄውንም አልሰማውም። ቢሰማውም በ200 ሰው ፊት እጁን አውጥቶ “እኔ አልሰማሁም” ለማለት ይከብደዋል።

ማይክ ድምፅ ከማጉላት ሌላ ሥራ አለው። የመስሚያ መሣሪያ ላደረጉ ሰዎች አዳራሹ ውስጥ የሚዘረጋው ሥርዓት ድምፁን የሚያገኘው ከማይኩ ነው። ንግግሩን በቀጥታ ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ባለሙያም፣ በኦንላይን የሚከታተለውም፣ ቀረጻውም እንደዚያው። ማይክ ሲቀር ይህ ሁሉ ይቋረጣል። ጠያቂም በማይክ ይናገር። ካልሆነ ሰብሳቢው ጥያቄውን ደግሞ ያሰማ። ወጪ የለውም፣ የሚፈልገው ጠበቅ ያለ ሰብሳቢ ብቻ ነው። ተናጋሪው ትልቅ ፕሮፌሰር ቢሆንም “ይቅርታ፣ ማይኩን ይያዙልን” ማለት ያስፈልጋል።

“እዚህ ላይ እንደምታዩት”

ማየት የተሳነው ሰው “እዚህ” የት እንደሆነ አያውቅም። “ቀዩ መስመር ሲወርድ አረንጓዴው ይወጣል” ሲባልም ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገር ሰው ግራ ይገባዋል። የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ ከ12 ወንዶች አንዱ እንዲህ ዓይነት ችግር አለበት። መስመሮቹን በቅርጽም ለዩዋቸው፣ ስማቸውንም እላያቸው ላይ ጻፉ። ግራፉ የሚያሳየውን ነገር በአፋችሁ ተናገሩ። የሚላከው ሰነድ ደግሞ ስካን የተደረገ ፎቶ አይሁን፤ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው ሶፍትዌር ከፎቶው ምንም ላያገኝ ይችላል።

የጥያቄ ሰዓትን ለፈጣን እጆች መተው

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በ10 አገሮች ወደ 250 የሚጠጉ ሴሚናሮችን ተመልክቶ ነበር። ሴቶች ከወንዶች በእጅጉ ያነሰ ጥያቄ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ጠያቂ ወንድ ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ሰብሳቢው መጀመሪያ የወጣውን እጅ ከመምረጥ ትንሽ ይታገስ። አንድ ደቂቃ ሰው ያስብ፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይወያይ። በጽሑፍ መጠየቅም ይፈቀድ። በሁለተኛ ቋንቋው የሚያስብ፣ የሚንተባተብ ወይም ገና ጀማሪ የሆነ ተመራማሪም በዚያው ይጠቀማል።

“ከፍላችሁ ኑ፣ በኋላ ይመለስላችኋል”

የአውሮፕላን ትኬትና ሆቴል ከኪሱ ከፍሎ ወራት መጠበቅ የሚችል ተማሪ ስንት ነው? ትኬቱን አዘጋጁ በቀጥታ ይግዛ። ቪዛም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሞንትሪያል ለተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ፣ ከአፍሪካና ከሌሎች አካባቢዎች ሊመጡ የነበሩ ብዙ ተሳታፊዎች ቪዛ ተከለከሉ ወይም ዘገየባቸው። በሽታው ክፉኛ ከጎዳቸው አገሮች ሊመጡ የነበሩ ብዙዎች ሳይኖሩ ስለ በሽታው ተወራ። ቦታ ሲመረጥ ቪዛ አብሮ ይታይ፣ የግብዣ ደብዳቤም ቶሎ ይውጣ። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የለመድነውን የኦንላይን መንገድም አትዝጉት።

ሥራው በጉባኤው አበቃ ማለት

ጉባኤ ሦስት ቀን ነው፣ ቤተ ሙከራ ግን የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። የማይስተካከል ከፍተኛ ጠረጴዛ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት በሚወጣበት ሰዓት የሚጠራ ስብሰባ፣ መስማት ለተሳነው ሰው የሚታይ መብራት የሌለው የእሳት ማንቂያ ደወል ሁሉ ሰው ያባርራል። እሳት ሲነሳ ሊፍት አይሠራም። አራተኛ ፎቅ ላይ በዊልቸር የሚሠራው ባልደረባችሁ በምን እንደሚወርድ ዛሬ ጠይቁ።

ምዘናም ይታይ። ሕዋ ላይ ያለውን የሃብል ቴሌስኮፕ ለመጠቀም የሚቀርቡ ማመልከቻዎች እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የአመልካቹ ስም ተደብቆ ነው የሚገመገሙት። ለዓመታት ዝቅ ይል የነበረው የሴቶች የማለፍ መጠን በዚያው የመጀመሪያ ዙር ከወንዶቹ በጥቂቱ በለጠ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙም አይነገርምና። ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሚያስፈልገው መሣሪያ ወይም አስተርጓሚ ከአለቃው የምርምር ገንዘብ አይቆረጥ። ከተቆረጠ ያ አለቃ ሁለት አመልካች ሲቀርብለት ሳይናገረው ያሰላል። ወጪውን ዩኒቨርሲቲው ከማዕከላዊ በጀቱ ይሸፍነው፣ ይህም በሥራ ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ይጻፍ።