ዓሣው ሲታመም መጀመሪያ የሚጠየቀው ውኃው ነው

«እትዬ፣ ለዓሣ የሚሆን ቴትራሳይክሊን ይኖርዎት ይሆን?»

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ወጣት ነው፤ ስልኩን አውጥቶ የዓሣውን ፎቶ ያሳየኛል። ቴትራሳይክሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ ካፕሱሉን አልሰጠውም። እኔም ቤቴ ውስጥ በገንዳ የማኖራቸው ጎልድ ፊሽ የሚባሉ አምስት የጌጥ ዓሣዎች አሉኝ፤ ስለዚህ መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ «መቼ ጀመረው? ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት ገንዳውን ምን አደረግኸው?» የበሽታው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ጥያቄ መልስ ውስጥ ነው የሚገኘው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው የታመመው አንዱ ነው ወይስ ሁሉም የሚለው ነው። በአንድ ቀን ሁሉም ከተለወጡ ጥርጣሬያችሁን ውኃው ላይ አድርጉ። አንዱ ብቻ ተለይቶ ጥግ ከያዘና ሌሎቹ እንደወትሮው ከበሉ፣ ያን ዓሣ ለብቻው መመርመር ይገባል።

በጣም የተለመደው ምልክት ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከፈት ዘጋ እያደረገ አየር መሳቡ ነው። ይህ ምልክት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ ሰዓቱ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ብሶበት ረፋዱ ላይ የሚሻለው ከሆነ ኦክስጅን አንሶታል፤ በገንዳው ውስጥ ያሉት ዕፅዋት ሌሊቱን እንደ ዓሣው ኦክስጅን ሲጠቀሙ ያድራሉና። ውኃ በቀየራችሁ በደቂቃዎች ውስጥ ከጀመረው ክሎሪን ነው። ፊልተር ካጠባችሁ ወይም ምግብ ካበዛችሁ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ከሆነ ደግሞ አሞኒያ ነው።

ስለ ኦክስጅን አንድ ነገር ልጨምር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛውን እንኳ አይሞላም፤ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ውጭ አገር በተጻፈ መመሪያ «ለዚህ ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚለውን እንዳለ ከወሰዳችሁ ገንዳችሁን አጨናነቃችሁ ማለት ነው። ቁጥሩን ቀንሱ፤ የአየር ፓምፑም ሌሊቱን አይጥፋ። መብራት ከሄደ በጆግ እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሳችሁ አፍሱት፤ የውኃው ፊት ሲናወጥ ኦክስጅን ይገባል። መብራቱ ብዙ ሰዓት ቆይቶ ከመጣ ፊልተሩን ወዲያው አትክፈቱት። ስፖንጁ ውስጥ የሞተውና የበሰበሰው ነገር ተገፍቶ ገንዳው ውስጥ ይገባል፤ መጀመሪያ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት።

ክሎሪን ቀላል ነው። ከአንገረብ ግድብ ተጣርቶ በቧንቧ የሚደርሰን ውኃ ለእኛ ጤና ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል፤ የዓሣን መተንፈሻ ግን ያቃጥላል። በፈረቃ ሲመጣ ቀድታችሁ አፉ በተከፈተ ባልዲ 24 ሰዓት አቆዩት። ሳታቆዩ ከጨመራችሁና ዓሣው እየተቅበጠበጠ ከሆነ፣ ቫይታሚን ሲ ክሎሪንን ያከሽፋል። ቀለምና ጣዕም ያልተጨመረበት ከሆነ፣ የ500 ሚሊ ግራም ፍሬ ሩቡ ለ100 ሊትር የቧንቧ ውኃ በተለመደው የክሎሪን መጠን ይበቃል። በተጨማሪም በታኅሣሥ ንጋት ውጭ ካደረ ሮቶ ቀድታችሁ አታፍሱ። ባልዲው ቤት ገብቶ እንደ ገንዳው ውኃ ለብ ይበል።

አሞኒያን ግን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። በከተራ ዕለት እንግዳ ስለሚመጣ ገንዳዬ ያምርልኝ ብዬ የፊልተሩን ስፖንጅ ቧንቧ ሥር አድርጌ ነጭ እስኪሆን አጠብኩት። በማግሥቱ፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከጎርጎራ የመጡ የዘመዶቼ ልጆች ዓሣዎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ ደስ እያላቸው ድፎ ዳቦ ቆረስ ቆረስ እያደረጉ ሲወረውሩላቸው ዋሉ። የቃና ዘገሊላ ንጋት ላይ ሦስቱ ክንፋቸውን ሰብስበው ጠጠሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሁለቱ ላይ ወጥተው ይተነፍሳሉ። ከአዲስ አበባ ባስመጣሁት የጠብታ መመርመሪያ ለካሁት፤ ቢጫ መሆን የነበረበት ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ትልቁ ዓሣ በዚያው ዕለት ሞተብኝ።

የሆነው ይህ ነው፦ የዓሣው ኩስና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ ስፖንጁ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እኔ በቧንቧ ውኃ ባክቴሪያዎቹን ፈጀኋቸው፣ በላዩ ላይ ዳቦ ተጨመረበት። አዲስ ገንዳም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ባክቴሪያው እስኪራባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል።

መመርመሪያ የሌለው ሰው እንዲህ ያድርግ። የዓሣው መተንፈሻ ክዳን በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ቆጥሮ ይጻፍ። ከዚያ የውኃውን ሲሶ ባደረና ሙቀቱ በተስተካከለ ውኃ ይቀይር፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ይቁጠር። ትንፋሹ ከረገበ ችግሩ ውኃው ውስጥ ነበር፤ በማግሥቱም ይቀይር፣ ምግብም ያቁም። ጎልድ ፊሽ ለጥቂት ቀናት ባይበላ አይሞትም። እኔ አራት ቀን ጠዋትና ማታ ቀየርኩ። ከአሥር ቀን በኋላ የተረፉት ዓሣዎች የክንፋቸው ጠርዝ ጥቁር ሆነ። ይህን አይቶ አዲስ በሽታ ነው ብሎ የሚደነግጥ አለ፤ የተቃጠለው ቦታ እየሻረ መሆኑ ነው።

ነጭ ነጠብጣብ ሲታይ ደግሞ ስልኩን አስቀምጣችሁ በባትሪ መብራት ከጎን ተመልከቱ። ባለፈው አንድ ልጅ «ነጭ ሽፍታ ወጣበት» ብሎ ያሳየኝን ፎቶ ሳሰፋው ነጥቦቹ የነበሩት መተንፈሻ ክዳኑ ላይና በጎን ክንፉ የመጀመሪያ አጥንት ላይ ብቻ፣ ተሰድረው ነው። ያ ለመራባት የደረሰ ወንድ ምልክት ነው፣ መድኃኒት አያሻውም። በሽታው ግን ደቃቅ ጨው የተበተነበት ይመስላል፤ ጀርባ፣ ጭራ፣ ክንፍ ሳይል በየቦታው ነው፣ ዓሣውም ጎኑን ከጠጠሩ ጋር ያሻሻል።

ይህ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ቴትራሳይክሊን አይነካውም። ይልቅስ ያ ካፕሱል የፊልተሩን ባክቴሪያ ጎድቶ አሞኒያ ሊጨምርባችሁ ይችላል። ለጎልድ ፊሽ ጨው ይሠራል፦ ለአንድ ሊትር 3 ግራም። የእኔ ገንዳ 80 በ30 በ35 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 84 ሊትር ነው፤ የጠጠሩን ቦታ ቀንሼ 80 እለዋለሁ፣ ስለዚህ 240 ግራም። በማንኪያ አትገምቱ፣ መዝኑት። 80 ግራሙን ዛሬ ጠዋት፣ 80ውን ማታ፣ የቀረውን ነገ ጠዋት፣ በውኃ አሟሙታችሁ ጨምሩ። የወጥ ጨው ይሆናል፣ አዮዲኑ በዚህ መጠን አይጎዳም። ጨው አይተንም፤ ውኃ ስትቀይሩ ለቀየራችሁት ሊትር ያህል ብቻ ተኩ። ዕፅዋቱን አውጡ፣ ጨው ያጠወልጋቸዋል።

ነጥቡ ሲጠፋ አታቁሙ። ነጥቡ ከዓሣው ላይ ወድቆ ጠጠሩ ውስጥ ይራባል፣ ጨው የሚገድለው ከዚያ ወጥቶ ዓሣ ፍለጋ የሚዋኘውን ነው። ውኃው 25 ዲግሪ በሆነ አገር ዙሩ በጥቂት ቀናት ያልቃል። የእኛ ቤት ውኃ በብርድ ወራት 17 ዲግሪ ስለሚሆን ዙሩ ይረዝማል፤ እኔ ሦስት ሳምንት አቆየዋለሁ። «ድኖ ተመለሰበት» የሚሉኝ ሁሉ በሳምንቱ ያቆሙ ናቸው።

ሆዱ ወደ ላይ ተገልብጦ የሚዋኝ ድቡልቡል ጎልድ ፊሽ ብዙ ጊዜ ሆድ ድርቀት ነው። ሁለት ሦስት ቀን አስጹሙት፣ ከዚያ የተቀቀለና የተላጠ አተር ስጡት። ከላይ ሲታይ ቅርፊቱ ሁሉ ተነስቶ ሆዱ ያበጠ ዓሣ ግን ኩላሊቱ እየደከመ ነው፤ የሚድነው ጥቂት ነው፣ ይህን ለሚጠይቀኝ ሰው አልደብቅም። ለብቻው ንጹሕ ውኃ ውስጥ አድርጉት፣ ብርሃን ቀንሱለት፣ የቀሩትን ዓሣዎች ውኃ ደግሞ በዚያው ዕለት ለኩ።